የበቆጂው ቤት አምሳያና የዝገቱ ቀለም

ከእንጨትና ከወረቀት ትንሽ ቤት፤ ትንሽ ጋሪ ወይም ትንሽ የባቡር ፉርጎ መሥራት በብዙ አገር የታወቀ የዕረፍት ጊዜ ሥራ ነው። ለአገራችንም ልጆች እንግዳ አይደለም። ሽቦ ቆልምመው፤ ጣሳ ቆርጠው፤ ከቆርኪ እግር አበጅተው መኪና ሲሠሩ ያላየ ሰው አይገኝም፤ እኛም ራሳችን በበቆጂ ጭቃ ላይ እንዲህ ያለውን መኪና በገመድ እየጎተትን አድገናል። እንግዳ የሚመስለው አዲስ የተሠራውን አምሳያ ያረጀና የዛገ አስመስሎ መቀባት ነው። «ሰው ያረጀውን ያድሳል እንጂ አዲሱን ስለ ምን ያስረጃል?» ብለው የጠየቁን ብዙዎች ናቸው። ከጠያቂዎቹም የመጀመሪያው ታላቅ ወንድማችን ነበሩ፤ ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎቻችን ነገሩን ከሥሩ እንዲረዱት ከዚያው እንጀምራለን።

አባታችን በበቆጂ ያሠሩት ቤት ከኛ ዕድሜ ይበልጣል። ግድግዳው የጭቃ ምርጊት፤ ጣሪያውና የደጁ በር ቆርቆሮ ነው፤ ከበስተኋላውም ባሕር ዛፍ ቆሞበታል። አባታችን ካረፉ ወዲህ እናታችን በዚያው ሲኖሩ ቆይተው፤ ባለፈው ዓመት ክረምት ጣሪያው ከመኝታቸው በላይ ማፍሰስ አበዛ። በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ደጋ ስለ ሆነ የሐምሌና የነሐሴ ዝናም እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። ልጆች ተሰብስበን ከመከርን በኋላ፤ ክረምቱ ሲወጣ አሮጌው ክዳን በሙሉ ተነሥቶ በአዲስ እንዲለወጥ ቆረጥን። እናታችንም እሺ አሉ። ዳሩ ግን አናጺው ልኬት ሊወስድ መሰላል ባቆመ ዕለት ከደጅ ተቀምጠው ጣሪያውን ሲመለከቱ ዋሉ፤ ምሳም አልቀመሱ። ማታ ምን እንደ ሆኑ ብንጠይቃቸው «አባታችሁ እኮ እያንዳንዷን ምስማር በገዛ እጃቸው ነው የመቷት» አሉን። ሥራው ሊጀመር ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበርና፤ ጣሪያው ሳይነሣ የቤቱን አምሳያ እንዳለ አድርገን ለመሥራት በዚያው ሌሊት አሰብን።

ታላቅ ወንድማችን በሹመት ላይ ያሉ ሰው ናቸው። አሳባችንን በነገርናቸው ጊዜ «መሥራቱስ ይሁን፤ ግን አባታችን በመረቁት ቀን እንደ ነበረው የሚያበራ ይሁን እንጂ፤ ሰው የሌለው ቤት ይመስል ዝገቱን ለእንግዳ ታሳያለህን?» አሉን። ይህ ቃል ቀላል አይደለም፤ ብዙ የተከበሩ ቤተ ሰቦች እንዲሁ ያስባሉ። ፎቶግራፍ ሲነሡ አዲስ ልብስ መልበስ የወግ እንደ ሆነ ሁሉ፤ የአባት ቤትም ሲሳል አዲስ ሆኖ እንዲታይ መሻት ነውር የለበትም። እኛ ግን እንዲህ አልናቸው፦ ጣሪያው ያበራ የነበረው ለሁለትና ለሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ እኛ የተወለድንበት፤ እናታችንም የሚያውቁት ዐርባና ሃምሳ ክረምት የወረደበትን ነው። በዚያን ቀን አልተስማማንም፤ እርሳቸው ወደ ሥራቸው ሄዱ፤ እኛም ወደ መሰላሉ።

ስለ ቆርቆሮው ጥቂት እንናገር። ቀጭን ብረትን በማዕበል አምሳል አጥፎ ለክዳን የማዋል ዘዴ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1829 ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር በተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ስም የተመዘገበ ነው። ብረቱ ሲታጠፍ ይጠነክራልና ብዙ ማገር ሳይፈልግ ራሱን ይሸከማል። በ1837 ደግሞ ስታኒስላስ ሶሬል የተባለ ፈረንሳዊ ብረትን በቀለጠ ዚንክ ነክሮ ከዝገት የመጠበቅን ዘዴ አስመዘገበ። ቆርቆሮ ወደ አገራችን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ፤ የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ እየበዛ ሄደ። ቀስ በቀስም የሣሩን ክዳን በብዙ ቦታ ተካው።

ዝገት ማለት ብረት ከውሃና በአየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋራ ተዋሕዶ ወደ አፈርነት ሲመለስ ነው። ወደ አፈርነት ማለታችን ለማሳመር አይደለም፤ ብረት ከመሬት ሲቆፈር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በዚሁ ዓይነት ውሕደት ነው። የአርሲ ደጋ ቀይ አፈርም ቅላቱን ያገኘው ከብረት ኦክሳይድ ነው። ስለዚህ ደራርቱ ቱሉ፤ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በልጅነታቸው የሮጡበት የበቆጂ ቀይ አፈርና በቤታችን ክዳን ላይ ያለው ዝገት ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው። በዓለም ሁሉ ያሉ ሠዓሊዎች ከጥንት ጀምሮ ቀይና ብጫ አፈር ፈጭተው ቀለም ሲያደርጉ የተጠቀሙበት ይህነኑ ነው።

ዚንኩን በተመለከተ፤ እኛ በችሎት ጽሕፈት የኖርን ሰዎች ስለ ሆንን ነገሩ በሙያችን ቋንቋ ይቀናናል፤ ዚንክ ለብረት ዋስ ነው። ሽፋኑ ጥቂት ተፍቆ ብረቱ ቢገለጥ እንኳ ዚንኩ አስቀድሞ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያቆያል። የዋሱ ንብረት ሁሉ ካለቀ በኋላ ግን ዕዳው ወደ ባለዕዳው ይዞራል፤ ያን ጊዜ ብረቱ መዛግ ይጀምራል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ፤ እርሱም ብሩሽ ከመያዝ በፊት ጣሪያውን ማንበብ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ጧትና ማታ በመሰላሉ ላይ ወጥተን በወረቀት እየነደፍን ስንጽፍ፤ ጎረቤቶች ምን የጠፋ ነገር እንደምንፈልግ ይጠይቁን ነበር። ዝገት እንደ ፈንጣጣ በየቦታው የሚበተን አይደለም። ውሃ የሚያድርበትን ሥፍራ እየፈለገ የሚሄድ ነው። በመጀመሪያ ያየነው ምስማሮቹን ነበር። ምስማር ሲመታ ዚንኩን ይበሳል፤ ከራሱም ሥር ውሃ ይቋጥራል፤ በዚህ ምክንያት በእያንዳንዱ ምስማር ራስ ዙሪያ ጥቁር ቡናማ ክብ ነበረ፤ ከክቡም ሥር እንባ የመሰለ ቀጭን መሥመር ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲነሣ ደማቅ ነው፤ እየወረደ ሲሄድ ይፈዝና ይጠፋል። ቀጥሎ ያየነው ሁለት ቆርቆሮ የተደራረበበትን ጠርዝ ነው። በመካከላቸው የገባውን ውሃ ፀሐይ አያገኘውምና ሌላው ሲደርቅ እርሱ ርሶ ይቆያል፤ ስለዚህ ጠርዙ ተበልቶ እንደ አሮጌ መጽሐፍ ቅጠል ሸራርፏል። በባሕር ዛፉ በኩል ያለው ጎን ቅጠል እየተከማቸበት ርጥበት ስለሚይዝ በደጅ በኩል ካለው ጎን እጅግ አብዝቶ ዝጓል። በጣሪያው አናት አካባቢ ግን ውሃው ቶሎ ይወርዳልና ግራጫው ዚንክ ገና ነበረ፤ በላዩም አንዳንድ ቦታ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ታየን፤ ይኸውም የዚንኩ የራሱ ዝገት ነው።

ቀለሙም አንድ አይደለም። አዲስ ዝገት ብርቱካንማ ነው፤ ሲቆይ ቡናማ ይሆናል፤ ያረጀው ደግሞ ወደ ጥቁርነት ያደላል። ጎን ለጎን ያሉት ቆርቆሮዎች እንኳ እኩል አላረጁም። አባታችን አንድ ጊዜ ነፋስ የነቀለውን ሁለት ቆርቆሮ ለውጠው ነበር፤ እነዚያ ሁለቱ እስከ መጨረሻው ከወንድሞቻቸው ይልቅ ነጣ ብለው ይታዩ ነበር።

ከጣሪያው ወርደን በሩን ባየን ጊዜ ሌላ ነገር ተማርን። ገበሬ ማረሻውን ሲያርስበት መሬቱ እየፈተገው ያበራል፤ ሰቅሎ ቢተወው ግን ይዝጋል። በርም እንዲሁ ነው። መላው በር ዝጎ ሳለ በመወርወሪያው አጠገብ እጅ የሚነካው ቦታ ብቻ ጠቁሮና ለስልሶ ያበራ ነበር። ከእርሱ ዝቅ ብሎም፤ በልጅ ቁመት ልክ፤ ሁለተኛ የሚያበራ ቦታ ነበረ። እርሱን ያበራነው እኛና ወንድሞቻችን ነን።

ወደ አሠራሩ እንለፍ። አምሳያውን ከ50 አንድ እጅ አድርገን ሠራነው፤ የቤቱ 1 ሜትር በአምሳያው 2 ሳንቲ ሜትር ሆነ ማለት ነው። ለክዳኑ በወጥ ቤት የሚሠራበትን የአሉሚኒየም ወረቀት ወሰድን። የተለመደው ቆርቆሮ ከአንዱ ማዕበል ጫፍ እስከ ሌላው 76 ሚሊ ሜትር ያህል አለው፤ ለ50 ሲከፈል 1.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ተራ ቡሎንም በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር ነውና ወረቀቱን በለስላሳ ጎማ ላይ ዘርግተን ቡሎኑን በመዳፋችን እየተጫንን ብናንከባልለው ማዕበሉ ራሱ ወጣ። ከዚያ እያንዳንዱን ቆርቆሮ 18 በ40 ሚሊ ሜትር አድርገን ለየብቻው ቆርጠን፤ አንዱን በአንዱ ላይ ደርበን ለጠፍን። አንድ ሰፊ ወረቀት ዘርግቶ መገላገል ይቀል ነበር፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ዝገቱ የሚያድርበት ጠርዝ አይኖርም።

አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የብሩሽ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ሙከራችን ከሽፏል። ችኮላ ይዞን መላውን ጣሪያ ብርቱካንማ ቀባነው። እናታችን አይተው «ይህ ደግሞ የማን ቤት ነው?» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ እኛም ክዳኑን ገፈን እንደ ገና ጀመርን።

በሁለተኛው ጊዜ የተከተልነው መንገድ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ መላውን ክዳን ወደ ጥቁር በሚያደላ ቡናማ ቀባንና አደረቅነው። በላዩ ሴቶች ጠጉራቸውን ለማርጋት የሚነፉትን ስፕሬይ ሁለት ጊዜ ነፋንበት። እርሱም ሲደርቅ በውሃ የሚበጠበጠውን የአክሪሊክ ቀለም በዚንክ መልክ ግራጫ አድርገን በስሱ ቀባን። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተን፤ በነደፍነው ወረቀት መሠረት ዝገት ባየንበት ቦታ ሁሉ ርጥብ ብሩሽ ብናሻሸው፤ ውሃው ከሥር ያለውን ስፕሬይ እያሟሟ ግራጫው በትንሽ በትንሹ ተላጠና ቡናማው ተገለጠ። የዚህ ዘዴ ደግነቱ ዝገቱን ከላይ መለጠፍ ሳይሆን እንደ እውነተኛው ሽፋኑ ተነሥቶ ከሥሩ ያለው እንዲታይ ማድረጉ ነው። በተላጠው ዳርና ዳር ደግሞ ከሰፍነግ ቁራጭ ቀንጥሰን በቡናማ ቀለም ነካ ነካ አደረግን። ሰፍነግ ከብሩሽ የሚሻልበት ምክንያት የሰው እጅ ሳያስበው ነጥቦቹን በእኩል ርቀት ስለሚደረድር ነው፤ ሰፍነግ ግን እንዲህ ያለ ሥርዓት አያውቅም።

የምስማሮቹን እንባ ለመሳል ቀለሙን አስቀድመን በቨርኒሽ ሸፈንነው፤ አለዚያ የኋለኛው የፊተኛውን ያበላሻል። ከዚያም በመርፌ ጫፍ በእያንዳንዱ ምስማር ቦታ እጅግ ጥቂት ቀይ ቡናማ የዘይት ቀለም አስቀመጥን፤ ጠፍጣፋ ብሩሽ በአኳራጅ አርሰን፤ በጨርቅ ጠርገን፤ ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ብቻ ሳብነው። ሁለት ጊዜ የተሳበ መሥመር ይደፈርሳል። በመጨረሻም ከእውነተኛው ጣሪያ ፍቀን ያመጣነውን ዝገትና ከግቢው ያነሣነውን ቀይ አፈር ፈጭተን በሻሽ ነፍተን፤ በባሕር ዛፉ በኩል ባለው ጎንና ዝናም ጭቃ በሚረጭበት በግድግዳው እግር አኖርን። ሥራው ሲያልቅ ከጣሪያው ከሦስት እጅ አንዱ ግራጫ ሆኖ ቀርቷል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ዝገቱን በማብዛት ነውና ይህን እናስታውቃለን።

ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ሥራ ሲሠራ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስፕሬይና አኳራጅ እሳት ፈጥኖ የሚይዛቸው ናቸው፤ በደጋ ብርድ ከከሰል ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ መሥራት ያጓጓል፤ ነገር ግን መስኮት ከፍቶ ከእሳት ርቆ መሥራት ይገባል። የዝገትና የአፈር ዱቄት በሚፈጭበት ጊዜም አፍና አፍንጫን መሸፈን ነው። የዛገ ምስማር ሰውን ሲወጋ መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ዝገቱ ይመስላቸዋል፤ በሽታውን የሚያመጣው ግን በአፈርና በእበት ውስጥ የሚኖር ተሕዋስ ነው፤ ጥልቅ ቁስልም ይስማማዋል። ስለዚህ በንጹሕ ምስማር የተወጋም ሰው ቢሆን ቁስሉን ታጥቦ ስለ ክትባቱ ሐኪም ሊጠይቅ ይገባዋል።

እንዲህ ያለው ድካም ለጨዋታ ብቻ የሚደረግ እንዳይመስል የአንድ ሰው ታሪክ እንጨምር። ሮይ ኢንግላንድ የተባለ አውስትራልያዊ በ1925 ወደ እንግሊዝ አገር መጥቶ፤ ሣር ክዳን የሆኑት የገጠር ቤቶች ሲፈርሱና ክዳናቸው ሲለወጥ በማየቱ አዘነ። ሊያስቆመው አልቻለምና ቤቶቹን በአምሳያ ለማስቀረት ቆረጠ፤ በ1954ም በሎንግ ዊተናም መንደር ፔንደን የተባለውን ሙዚየም አቋቋመ። በዚያ ያሉት ቤቶች ከ76 አንድ እጅ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ ያረጀ ክዳናቸውና ፀሐይ ያነጣው ቀለማቸው ሳይቀር ተስሏል። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳ አካባቢ ለከተማው ማሻሻያ ብዙ አሮጌ ቤቶች በፈረሱ ጊዜ፤ በእነርሱ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ሰው ቁጥር ስፍር አልነበረውም። ከተማ መሻሻሉ የግድ ነው። ነገር ግን ከመፍረሱ አስቀድሞ አንድ ቀን ሜትርና እርሳስ ይዞ የአባቱን ቤት የለካ ሰው ስንት እንደ ነበር እንጠይቃለን። ፎቶግራፍ ደጁን ያሳያል፤ ከበስተኋላ በኩል ያለውን የባሕር ዛፉን ጎን ግን ማንም አያነሣውም።

የኛው ጣሪያ በጥቅምት ተለወጠ። አሮጌው ቆርቆሮ ለቁራሌ እንዳይሸጥ እናታችን ስለ ከለከሉ ደኅና ደኅናው ተመርጦ ለዶሮ ቤት ሆነ። አምሳያው በተፈጸመ ጊዜ ታላቅ ወንድማችንም ለበዓል መጥተው ነበርና ሁላችንም ባለንበት በጠረጴዛ ላይ አቆምነው። ወንድማችን ዙሪያውን ተመልክተው ዝም አሉ። እናታችን መነጽራቸውን አድርገው ከበሩ ጀመሩ፤ የሚያበራውን ቦታ በጣታቸው ነኩት፤ ወደ ጣሪያው ወጡ፤ ነጣ ያሉትን ሁለቱን ቆርቆሮዎች ሲያገኙ ፈገግ አሉ። ጥቂት ቆይተው ግን «ከአልጋዬ በላይ ያለችውስ የታለች?» ብለው ጠየቁ። ምን እንደ ሆነች አላወቅንም። በወረቀታችንም ላይ አልነበረችም።

ያን ጊዜ ታላቅ ወንድማችን «ሬንጁን ነው የሚሉት» አሉ። እኛ ሳንወለድ፤ እርሳቸው የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ፤ ጣሪያው በዚያ ቦታ ማፍሰስ ጀምሮ አባታችን በሬንጅ ደፍነውት ነበር፤ ጣሳውን ይዘው ከመሰላሉ ሥር የቆሙት እርሳቸው ነበሩ። ሬንጁ በመሰላል ላይ ሆነን ስናይ የቅጠል ክምር ሸፍኖት ኖሯል። ወንድማችን ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ፤ ከጠርዙ ሦስተኛውን ምስማር ቆጠሩና ከሥሩ በጣታቸው አመለከቱ። ከሁሉ የቀጠነውን ብሩሽና ጥቁሩን ቀለም ሰጠናቸው። እጃቸው ጥቂት ይንቀጠቀጥ ነበርና ነጥቡ ከሚገባው ሰፋ ብሎ ወጣ፤ እናታችን ግን «አዎን፤ እንዲህ ሰፊ ነበረች» አሉ።